አሮጌውን ሕንፃ ከዶዘር የሚያድነው የትኛው ወረቀት ነው? በአሜሪካ ከተሞች ያሉት የቅርስ ጥበቃ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ከሕንፃው መግቢያ አጠገብ የነሐስ ሰሌዳ ተለጥፏል። ሕንፃው በናሽናል ሬጂስተር፣ ማለትም በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ስፍራዎች መዝገብ ላይ መስፈሩን ይናገራል። ባለቤቱ በራሱ ገንዘብ ሊያፈርሰው ቢነሳ ግን ያ ሰሌዳ ዶዘሩን ለአንድ ቀን እንኳ አያቆመውም። አሮጌ ቤት የገዙ ሰዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ቦርዶችና የሰፈር ማኅበራት ደጋግመው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። "ታሪካዊ" የሚለው ቃል በአምስት ስድስት ሕጎች ውስጥ ይገኛል፤ የሚጥለው ግዴታና የሚያመጣው ገንዘብ ግን ከአንዱ ሕግ ወደ ሌላው ፈጽሞ ይለያያል።

ነገሩ የመጣው ከሥልጣን ክፍፍሉ ነው። በአሜሪካ የመሬት አጠቃቀምና የግንባታ ፈቃድ የፌዴራል መንግሥቱ ጉዳይ አይደለም፤ የስቴቶች ነው፤ ስቴቶቹም ለከተሞችና ለካውንቲዎች አውርደውታል። የማፍረስ ፈቃድ የሚሰጠው የከተማው መስኮት ነውና "አይፈርስም" ለማለት አቅም ያለውም ከተማው ነው። ዋሽንግተን የክብር ስምና የታክስ ክሬዲት ይሰጣል፤ በሩን የሚዘጋው የሰፈሩ ሕግ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## መጀመሪያ መመዘኛው

የአማራጩን ስም ለጊዜው ትታችሁ እነዚህን ጠይቁ፦

- ማፍረስን ይከለክላል፣ ያዘገያል ወይስ ዝም ይላል?
- ምን ምን ለውጥ ፈቃድ ያስፈልገዋል? ከመንገድ የሚታየው ፊት ብቻ ነው ወይስ ጓሮውና ውስጡም ጭምር?
- ባለቤቱ ካልተስማማስ?
- ገንዘብ ያመጣል ወይስ ያስወጣል? ለማን? መኖሪያ ቤት፣ የሚከራይ ሕንፃና ግብር የማይከፍል ተቋም በዚህ ጥያቄ ላይ አይገናኙም።
- ስንት ዓመት ይቆያል? ማንስ ሊሽረው ይችላል?
- የጣሰውን ማን ያስቆመዋል? በምን ቅጣት?

የመጨረሻውን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ደንቡ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ በፈቃድ ሰጪው ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ከአድራሻው ጎን ምልክት ካልተደረገ ሠራተኛው ሳያውቅ ፈቃዱን በዚያው ቀን አትሞ ይሰጣል።

## ናሽናል ሬጂስተር

በ1966 በወጣው የቅርስ ጥበቃ ሕግ የተቋቋመ መዝገብ ሲሆን የሚያስተዳድረው ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ነው። ማመልከቻው የሚገባው ለስቴቱ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ቢሮ ነው። ሕንፃው በመደበኛው 50 ዓመት የሞላው፣ የቀድሞ መልኩን ያልጣለ፣ ከታሪካዊ ክስተት ወይም ከታላቅ ሰው ጋር የተያያዘ፣ አለዚያም በአሠራሩ የሚጠቀስ መሆን አለበት። የግል ባለቤት በጽሑፍ ከተቃወመ አይመዘገብም፤ የሚመዘገበው አንድ ሕንፃ ሳይሆን ሰፈር፣ ማለትም ታሪካዊ ቀጣና ከሆነ ደግሞ ከባለቤቶቹ ከግማሽ በላይ ከተቃወሙ ይቆማል።

ጥበቃው የሚሠራው የፌዴራል እጅ ሲገባበት ብቻ ነው። የፌዴራል ገንዘብ፣ ፈቃድ ወይም ላይሰንስ ያለበት ሥራ ከሆነ፣ በሕጉ አንቀጽ 106 መሠረት መሥሪያ ቤቱ በቅርሱ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት መመርመርና ከስቴቱ ቢሮ ጋር መመካከር አለበት። ልብ በሉ፤ መመካከር እንጂ መተው ግዴታ አይደለም።

ታዲያ ለምን ይደከማል? ለገንዘቡ። ገቢ የሚያስገኝ ታሪካዊ ሕንፃ ለሚያድስ ባለቤት ከታክሱ ላይ ለእድሳት ያወጣውን 20 በመቶ የሚያስቀንስ ክሬዲት አለ። ስሌቱ እንዲህ ነው። ንብረቱ በ600,000 ዶላር ተገዝቶ 200,000ው የመሬቱ ዋጋ ቢሆን፣ የሕንፃው መነሻ ዋጋ 400,000 ነው። ክሬዲቱን ለማግኘት በ24 ወራት ውስጥ ከ400,000 በላይ ለእድሳት መውጣት አለበት፤ ሥራው ከመጀመሪያው በምዕራፍ ታቅዶ ከሆነ ጊዜው 60 ወር ይሆናል። ብቁ የሆነ 500,000 ዶላር ከወጣ ክሬዲቱ 100,000 ነው፤ የሚወሰደውም በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ፣ በየዓመቱ 20,000 እየሆነ ነው። የግዢው ዋጋ፣ ተቀጥላ የሚሠራ አዲስ ክፍል፣ የመኪና ማቆሚያና የግቢ ማስዋቢያ አይቆጠሩም። በአምስት ዓመት ውስጥ ሕንፃው ከተሸጠ የክሬዲቱ የተወሰነ ክፍል ተመላሽ ይሆናል።

ማመልከቻው ሦስት ክፍል አለው፦ ሕንፃው ታሪካዊ ስለመሆኑ፣ ስለታቀደው ሥራ፣ ስለተጠናቀቀው ሥራ። ሰው የሚወድቀው ሁለተኛው ላይ ነው። ክፍል ሁለት ሳይጸድቅ መስኮት የቀየረ ወይም የውስጥ ልስን ያራገፈ ባለቤት፣ ሥራው ከመመዘኛው ጋር አይሄድም ከተባለ ክሬዲቱን በሙሉ ሊያጣ ይችላል፤ ግማሹን ሥራ አጽድቆ ግማሹን መጣል የሚባል ነገር የለም።

ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ቤት ይህን የፌዴራል ክሬዲት አያገኝም። ስለ መኖሪያ ቤት የየስቴታችሁን ሕግ ለይታችሁ ጠይቁ፤ የራሳቸው ክሬዲት ያላቸው ስቴቶች ብዙ ናቸው።

## የከተማ ላንድማርክ ስያሜ

ላንድማርክ ማለት ከተማው በራሱ ደንብ የተጠበቀ ቅርስ ብሎ የሚሰይመው ሕንፃ ነው። እዚህ ላይ እንቆያለን፤ ሕንፃን ከመፍረስ በእርግጥ የሚያስጥለው ይህ ነውና።

ቻርልስተን በ1931 ታሪካዊ ቀጣናዋን በዞን ደንብ ስትከልል መንገዱን ከፈተች። ኒው ኦርሊንስ የፈረንሳይ ሰፈሯን ለመጠበቅ በ1936 የስቴቱ ሕገ መንግሥት እስከመሻሻል ደረሰ። ኒው ዮርክ የነቃችው የፔንስልቬኒያ ባቡር ጣቢያ በ1963 መፍረስ ከጀመረ በኋላ ነው፤ የላንድማርክ ሕጓ በ1965 ወጣ። የግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ባለቤት የነበረው ኩባንያ ከጣቢያው በላይ የቢሮ ግንብ እንዳይተክል ሲከለከል ከተማዋን ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1978 በ6 ለ3 ድምፅ ለከተማዋ ፈረደ። ፍሬ ነገሩ፣ ባለቤቱ ንብረቱን እንደ ቀድሞው ሊጠቀምበትና ተገቢ ገቢ ሊያገኝበት እስከቻለ ድረስ ክልከላው ንብረት እንደመውረስ አይቆጠርም የሚል ነው። ከተሞች ማፍረስን የሚከለክሉት በዚህ ፍርድ ላይ ቆመው ነው። "ክልከላው ለኪሳራ ዳረገኝ" የሚል ባለቤት ከከተማው የቅርስ ጥበቃ ኮሚሽን ፊት የሚከራከረውም ከዚሁ ፍርድ ተነስቶ ነው።

ሥራው በየከተማው ይለያያል፤ አጥንቱ ግን ይህ ነው።

1. ደንቡን ማንበብ። ማን ማመልከት ይችላል? የባለቤቱ ፈቃድ ግዴታ ነው? ማመልከቻው ከገባ ጀምሮ እስከ ውሳኔ ድረስ የማፍረስ ፈቃድ ይታገዳል? የመጨረሻው ድምፅ የኮሚሽኑ ነው ወይስ የከተማው ምክር ቤት? በዋሽንግተን ዲሲ ባለቤቱ ባይስማማም ሕንፃው ሊሰየም ይችላል። በኒው ዮርክ ኮሚሽኑ ይሰይማል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ በ120 ቀን ውስጥ ሊያጸድቀው፣ ሊያሻሽለው ወይም ሊሽረው ይችላል። የባለቤት ፈቃድ ግዴታ በሆነበት ከተማ ግን ስያሜው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ሆኖ ይቀራል፤ ሊያፈርስ የሚፈልግ ሰው አይፈርምም።

2. ጥናት። የግንባታ ፈቃድ ማኅደሮች፣ የባለቤትነት ሰነድ ሰንሰለት፣ የሳንቦርን የእሳት ኢንሹራንስ ካርታዎች፣ የድሮ የከተማ አድራሻ መጽሐፎችና ፎቶዎች ያስፈልጋሉ። የሳንቦርን ካርታ በተለይ ወርቅ ነው፤ የትኛው ክፍል በጡብ፣ የትኛው በእንጨት እንደተሠራ በቀለም ለይቶ ያሳያል፤ የተለያየ ዓመት እትሞቹ ሲነጻጸሩ ደግሞ ተቀጥላው መቼ ገደማ እንደመጣ ይታወቃል።

3. የስያሜ ሪፖርት። ወሰኑ በመንገድ አድራሻ ሳይሆን በመሬቱ የይዞታ ቁጥር ይጻፍ። ከኋላ ያለው የጋሪ ቤት በሌላ ቁጥር ከተመዘገበ፣ አድራሻው አንድ ቢሆንም ከጥበቃው ውጭ ይቀራል።

4. ማስታወቂያና የሕዝብ ስብሰባ፣ ከዚያ ድምፅ። ለባለቤቱ በወቅቱ ማስታወቂያ ካልደረሰው ስያሜው በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል። ስንት ጥሩ ስያሜ በፖስታ ቀን ተሸንፏል!

5. ማስመዝገብ። ውሳኔው በባለቤትነት ሰነዱ መዝገብ ላይ መግባቱን፣ በፈቃድ ቢሮው ሥርዓት ላይም ምልክቱ መኖሩን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ሪፖርቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። "ውብ የሆነ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤት ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አይጠብቅም። ከአምስት ዓመት በኋላ የኮሚሽኑ ሠራተኛና የባለቤቱ ጠበቃ የሚከራከሩት በዚያ ጽሑፍ ነው። መጻፍ ያለበት እንዲህ ነው፦ ባለ 3 ፎቅ ቀይ ጡብ ቤት፤ የተነጠፈ የድንጋይ ሰሌዳ ጣሪያ፤ በምሥራቅ ጥግ ያለው ክብ ማማ ከነሾጣጣ ክዳኑ፤ የብረት ውጫዊ ደረጃና መደገፊያው፤ የፊት በሩ ከነላይኛው መስታወቱ፤ በሁለተኛው ፎቅ ያሉት አራት የእንጨት መስኮቶች። በተቃራኒው ያልተጠበቀውንም መጥቀስ ይጠቅማል፦ "ከኋላ በኩል በኋላ ዘመን የተጨመረው የእንጨት በረንዳ የሕንፃው ታሪካዊ አካል አይደለም" ማለት ባለቤቱን ከሃያ ዓመት ጭቅጭቅ ያድናል።

ከስያሜው በኋላ ባለቤቱ የውጩን ለመለወጥ "የተገቢነት ምስክር ወረቀት" የሚባለውን ያወጣል። በአብዛኛው የሚመረመረው ውጫዊው ክፍል ነው። ውስጥን የሚጠብቁ ከተሞች ጥቂት ናቸው፤ ኒው ዮርክ ከ1973 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ውስጣዊ ክፍሎችን መሰየም ትችላለች። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ማደስ፣ ግድግዳ መቀባት፣ ቦይለር መቀየር በብዙ ከተሞች የኮሚሽኑ ጉዳይ አይደለም። ይህን የማያውቅ ጎረቤት "ሚስማር እንኳ መምታት አትችልም" ብሎ ያስፈራራችኋል፤ አትስሙት።

ጭቅጭቁ ሁልጊዜ የሚነሳው በሁለት ነገር ነው፤ በመስኮትና በጡብ።

ኮንትራክተሩ የሚያመጣው የፕላስቲክ መስኮት ፍሬሙ ወፍራም ነው፤ መስታወቱ ይጠባል። መስታወቱን የሚከፋፍሉት ቀጫጭን አግዳሚዎች በሁለት መስታወት መካከል የተቀበሩ ስለሆኑ ጥላ አይጥሉም፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ኮሚሽኑ የሚከለክለው ለዚህ ነው። ማመልከቻው "ያልተሟላ" ተብሎ የሚመለሰው ደግሞ የፋብሪካ ብሮሹር ብቻ ሲያያዝበት ነው። የሚፈለገው የእያንዳንዱ መስኮት ፎቶ ከውስጥና ከውጭ፣ የነባሩና የአዲሱ ፍሬም ቁርጥ ሥዕል በልኬት፣ የአግዳሚው ስፋትና ውፍረት ነው። ብርዱ ካስቸገረ ደግሞ ከውስጥ በኩል ተጨማሪ መስታወት መግጠም ይቻላል፤ ይህ በአብዛኛው ፈቃድ አይጠይቅም፣ ዋጋውም መስኮት ከመቀየር ያንሳል።

ጡቡ የባሰ ነው፤ እዚህ ስህተቱ አይታረምም። የድሮ ጡብ ለስላሳ ነው፤ በጡቦቹ መካከል ያለው ስፌት ኖራ የበዛበት ስለሆነ ግድግዳው የጠጣውን እርጥበት በስፌቱ በኩል ይተነፍሳል። ስፌቱ በፖርትላንድ ሲሚንቶ ጠንክሮ ሲሞላ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ በጡቡ በኩል ይወጣል፤ ቅዝቃዜ ሲመጣ እዚያው በረዶ ይሆንና የጡቡን ፊት ገፍቶ ይጥለዋል። ትክክለኛው አሠራር አሮጌውን ሙሌት ከስፌቱ ስፋት ሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ጥልቀት ማውጣት ነው፤ 10 ሚሊሜትር ስፌት ካለ ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር። ከዚያ ከጡቡ የለሰለሰ፣ ኖራ የበዛበት ሙሌት ይገባል። ቁመታዊውን ቀጭን ስፌት በግራይንደር የሚከፍት ሠራተኛ የጡቡን ጠርዝ ይበላዋል፤ በመሮና በመዶሻ ይሁን ብላችሁ በውሉ ላይ አስገቡ። ኮሚሽኑ ትልቁን ሥራ ከመፍቀዱ በፊት አንድ ካሬ ሜትር ያህል ናሙና ተሠርቶ እንዲታይ ቢጠይቅ ለእናንተም ይበጃል።

ላንድማርክ የማይከላከለው አንድ በሽታ አለ፤ በቸልታ ማፍረስ። ባለቤቱ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ጣሪያው ሲያፈስ ዝም ይላል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የከተማው መሐንዲስ "አደገኛ ነው" ብሎ እንዲፈርስ ያዝዛል። ደንቡ የዝቅተኛ ጥገና ግዴታና ከተማው ራሱ ጠግኖ ወጪውን በንብረቱ ላይ የሚያስመዘግብበት አንቀጽ ከሌለው ይህን በር የሚዘጋው የለም።

ለባለቤቱ የሚቀርበው ጥቅም እንደ ከተማው ነው። ካሊፎርኒያ ከ1972 ጀምሮ ያላት የሚልስ አክት ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ከተማውና ባለቤቱ ቢያንስ የ10 ዓመት ውል ይገባሉ፤ ውሉ በየዓመቱ ራሱን ያድሳል፤ ባለቤቱ ሕንፃውን ሊጠብቅና ሊያድስ ይገደዳል፤ በምላሹ የንብረት ግብሩ ይቀንሳል። መኖሪያ ቤትም ይገባበታል። ከተማው በፕሮግራሙ ካልገባ ግን ስቴቱ ብቻውን አይሰጥም።

## ታሪካዊ ቀጣና

ሕጉ ከላንድማርክ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ አንድ ሕንፃ ሳይሆን ሰፈር መሸፈኑ ነው። በውስጡ ያሉ ሕንፃዎች "አስተዋጽኦ ያላቸው" እና "የሌላቸው" ተብለው ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹን ማፍረስ ከባድ ነው፤ ሁለተኛዎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ፣ በቦታቸው የሚሠራው አዲስ ሕንፃ ግን ይመረመራል። ለብቻው ላንድማርክ ለመባል የማይበቃ ተራ ቤት በጎረቤቶቹ ብርታት የሚጠበቀው በዚህ መንገድ ነው።

ወጥመዱ ስሙ ላይ ነው። በናሽናል ሬጂስተር ያለ ቀጣናና በከተማው ሕግ ያለ ቀጣና ተመሳሳይ ስም ይዘው የተለያየ ወሰን ሊኖራቸው ይችላል። ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ደላላውን ሳይሆን የኮሚሽኑን ቢሮ ጠይቁ፤ ጥያቄውም "ታሪካዊ ነው?" አይሁን፤ "በዚህ አድራሻ የውጭ ሥራ ብሠራ ምርመራችሁ ይመለከተኛል?" ይሁን። በዲሲ የዩ ስትሪት አካባቢ ሐበሻው ሬስቶራንት ከፍቶ የኖረባቸው ብዙ ሕንፃዎች በታሪካዊ ቀጣና ውስጥ ናቸው፤ የማስታወቂያ ሰሌዳ መስቀልና የፊት በር መቀየር ሁሉ እዚያ ጥያቄ ያስነሳል። ጆርጅታውን ላይ ደግሞ በ1950 በወጣ የራሱ ሕግ የፌዴራሉ የሥነ ጥበብ ኮሚሽንም ይመረምራል።

ቀጣና ለማጽደቅ እያንዳንዱ ሕንፃ በፎቶና በቅጽ ይጠናል፤ ስብሰባው ይበዛል፤ ተቃዋሚም አይጠፋም። አንድ ሕንፃ ለማዳን ብቻ ብላችሁ ቀጣና አትጀምሩ፤ ዶዘሩ ይቀድማችኋል።

## ቀለል ያለው የጥበቃ ቀጣና

ብዙ ከተሞች መስኮትና በር ውስጥ የማይገባ ደንብ አላቸው። ናሽቪል ጥሩ መነጻጸሪያ ናት፤ ጠንካራውም ቀላሉም በአንድ ከተማ አለ። በቀላሉ ቀጣና ማፍረስ፣ አዲስ ግንባታ፣ ተቀጥላና ሕንፃ ማዛወር ይመረመራሉ፤ የነባሩ ቤት ተራ እድሳት ግን ነፃ ነው። ሰፈሩ የሚፈራው ትናንሽ ቤቶች ፈርሰው በቦታቸው ግንብ መሰል ቤት መቆሙን ከሆነ ይህ ይበቃል፤ ለማጽደቅም ይቀላል። የአንድን ሕንፃ ዝርዝር ውበት ለማቆየት ግን አይሆንም፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ቤቱ ቆሞ መልኩ ይሄዳል።

## ኢዝመንት

ይህ የመንግሥት ስያሜ አይደለም፤ ባለቤቱ ከአንድ የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ወይም ከመንግሥት አካል ጋር የሚዋዋለው የጥበቃ ውል ነው። ከባለቤትነት ሰነዱ ጋር ይመዘገባል፤ ቤቱ ቢሸጥም፣ ቢወረስም አዲሱን ባለቤት ያስራል። ድርጅቱ በየጊዜው መጥቶ ይመለከታል፤ ውሉ ከተጣሰ ይከሳል። ውስጡንም፣ ግቢውንም መሸፈን ይችላል፤ የተቀረጸ የእንጨት ደረጃ ወይም የግድግዳ ሥዕል ላለው ቤት ከላንድማርክ የሚበልጠው በዚህ ነው። የከተማው ምክር ቤት በምርጫ ቢለወጥም ውሉ አይነካም።

ውሉ ለዘለዓለም ከሆነና ሌሎች ሁኔታዎች ከተሟሉ፣ ባለቤቱ የንብረቱን ዋጋ መቀነስ እንደ ልገሳ ቆጥሮ ከታክስ ሊያስቀንስ ይችላል። እዚህ ላይ የታክስ መሥሪያ ቤቱ ዓይኑን አይነቅልም። ከ2006 ወዲህ በታሪካዊ ቀጣና ውስጥ ላለ ሕንፃ የፊቱን ብቻ ሰጥቶ ማስቀነስ አይቻልም፤ ጀርባው፣ ጎኑና ከጣሪያው በላይ ያለው ከፍታ ጭምር መካተት አለበት። ብቁ የሆነ ገማች ያስፈልጋል። ሞርጌጅ ካለ ባንኩ መብቱን ከኢዝመንቱ በታች እንደሚያደርግ አስቀድሞ መፈረም አለበት፤ ይህ ፊርማ በመቅረቱ ብቻ የተቀናሽ ጥያቄያቸው የወደቀባቸው ባለቤቶች አሉ። ድርጅቱም ለወደፊት ክትትል የሚሆን መዋጮ መጠየቁ የተለመደ ነው። ጠበቃና የታክስ ባለሙያ ሳትይዙ አትፈርሙ።

## የማፍረስ ማዘግያ

ዕድሜው ከተወሰነ ዓመት በላይ የሆነን ሕንፃ ለማፍረስ ያመለከተ ሰው እንዲጠብቅ የሚያደርግ ደንብ ነው። በቦስተን 90 ቀን ነው፤ በማሳቹሴትስ ትናንሽ ከተሞች 6፣ 12 ወይም 18 ወር የሆነበት አለ። ቀኑ ሲያልቅ ባለቤቱ ያፈርሳል። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚሉት ይህን ነው ብንል አንሳሳትም፤ ሆኖም 12 ወር የሚቆይ ከሆነ የባንክ ወለድ የሚቆጥረውን አልሚ ወደ ድርድር ያመጣዋል። ዋናው ጥቅሙ ግን የላንድማርክ ማመልከቻ ለማስገባት ጊዜ መግዛቱ ነው።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | ማፍረስን | የሚመረመረው | የባለቤት ፈቃድ | ገንዘብ | የሚቆየው |
|---|---|---|---|---|---|
| ናሽናል ሬጂስተር | አይከለክልም | የፌዴራል እጅ ያለበት ሥራ | ከተቃወመ አይመዘገብም | 20 በመቶ ክሬዲት፣ ለገቢ ሕንፃ | መልኩን እስካልጣለ |
| የከተማ ላንድማርክ | ይከለክላል፣ ከኪሳራ በቀር | ውጩ፤ አልፎ አልፎ ውስጡ | እንደ ከተማው | እንደ ከተማው፤ የንብረት ግብር ቅናሽ ያለበት አለ | ከተማው እስኪሽረው |
| ታሪካዊ ቀጣና | አስተዋጽኦ ያላቸውን ይከለክላል | ውጩና አዲስ ግንባታ | እንደ ደንቡ | እንደ ላንድማርክ | ከተማው እስኪሽረው |
| ቀለል ያለ ቀጣና | ብዙ ጊዜ ይመረምራል | ቁመት፣ ስፋት፣ ተቀጥላ | የሰፈሩ ድጋፍ ይፈለጋል | በአብዛኛው የለም | ዞኑ እስኪቀየር |
| ኢዝመንት | ይከለክላል | በውሉ የተጻፈው ሁሉ | ያለ እርሱ አይሆንም | የታክስ ተቀናሽ፤ ጠበቃ፣ ገማችና መዋጮ ያስወጣል | ለዘለዓለም |
| ማዘግያ | ለወራት ብቻ | ማፍረስ ብቻ | አይጠየቅም | የለም | ቀኑ እስኪያልቅ |

## ለማን የትኛው?

የሚከራይ ሕንፃ ለማደስ ላሰበ። ናሽናል ሬጂስተር፣ ከዚያ ክሬዲቱ። የእድሳቱ ወጪ ከሕንፃው መነሻ ዋጋ እንደማይበልጥ ካያችሁ ግን ቀድማችሁ ተዉት፤ ውድ ቦታ ላይ በቅርቡ የተገዛ፣ ብዙም ያልተጎዳ ሕንፃ ብዙ ጊዜ አያልፍም።

በራሱ ቤት ለሚኖር። ቤቱን የሚወድ፣ ልጆቹ ይሸጡታል ብሎ የሚሰጋ ሰው ከላንድማርክ ጋር ኢዝመንት ቢያጣምር ይሻለዋል። ሐሳቡ ግብር ማስቀነስ ብቻ ከሆነ የከተማውን የግብር ፕሮግራም መጀመሪያ ያጣራ፤ ከሌለ ስያሜው ክብር እንጂ ገንዘብ አያመጣለትም።

ገንዘብ ለሌለው የሰፈር ማኅበር። የላንድማርክ ማመልከቻ በበጎ ፈቃደኞች ሊዘጋጅ ይችላል፤ ከቤተ መጻሕፍትና ከከተማው ማኅደር ሌላ ብዙ አይጠይቅም። አንዱን ሕንፃ በደንብ ሠርታችሁ አሳልፉ፤ ሁለተኛው ይቀላል።

ለቤተ ክርስቲያን ቦርድ። ይህ የተለየ ነው። ግብር የማይከፍል ተቋም የፌዴራል ክሬዲቱን በቀጥታ አይጠቀምበትም፤ ላንድማርክ ሲሆን ግን የጣሪያውና የማማው ጥገና በኮሚሽኑ ደረጃ መሆን አለበት። ሕጉም በየቦታው ይለያያል። በ1990 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በኒው ዮርክ የቅዱስ በርተሎሜዎስ ቤተ ክርስቲያን የቢሮ ግንብ ለመሥራት ያቀረበችውን ክርክር ውድቅ አድርጓል፤ የዋሽንግተን ስቴት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1992 በሲያትል ለነበረ ቤተ ክርስቲያን ፈርዷል። ካሊፎርኒያ በተወሰነ ሁኔታ የሃይማኖት ተቋማት ከስያሜ እንዲወጡ ትፈቅዳለች።

ከዋይት ሀውስ ብዙም ሳይርቅ የነበረው የክርስቲያን ሳይንስ ሦስተኛ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ለቦርዶች ጥሩ ትምህርት ነው። በ1971 የተሠራው የኮንክሪት ሕንፃ ምእመናኑ ሳይወዱ በ2007 ላንድማርክ ሆነ። ምእመናኑ ጥቂት ነበሩ፤ አምፖል ለመቀየር እንኳ መወጣጫ ማቆም ይጠይቅ ነበር። የኢኮኖሚ ችግራቸውን በሰነድ አስረድተው በ2009 የማፍረስ ፈቃድ አገኙ፤ ሕንፃውም በ2014 ፈረሰ። ስለዚህ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን የሚገዛ ቦርድ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ የስያሜው ሪፖርት ምን ምን ይዘረዝራል? ጣሪያው፣ የውኃ መውረጃ አሸንዳውና ባለ ቀለም መስታወቱ ስንት ዓመት ይቀራቸዋል?

አጥሩ ላይ የማፍረስ ማስታወቂያ ለተለጠፈበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። በዚያው ቀን ወደ ፈቃድ ቢሮው ደውላችሁ ፈቃዱ ተጠየቀ ወይስ ተሰጠ ብላችሁ አጣሩ፤ ከተሰጠ በኋላ የሚገባ ማመልከቻ በብዙ ከተሞች አይረዳም። ካልተሰጠ ማዘግያ ደንብ መኖሩን ጠይቁ፤ በዚያው ሳምንት አጭርም ቢሆን የተሟላ የላንድማርክ ማመልከቻ አስገቡና የተቀበሉበትን ማኅተምና ቀን ያዙ። ፎቶ በአራቱም አቅጣጫ አንሱ። ከዚያ የጋዝና የውኃ መስመሩ ተቆርጦ እንደሆነ ተመልከቱ፤ መስመሮቹ ከተቆረጡ የማፍረሱ ሥራ ደርሷልና ወደ ኮሚሽኑ ብቻ ሳይሆን ወደ ጠበቃም መደወል ያለባችሁ በዚያው ከሰዓት ነው።